ለዘይት፣ ለግሪስና ለማጣበቂያ የሚሆን አጣባቂ አዲቲቭ አመራረጥ

ሰንሰለት ላይ የተቀባ ዘይት ተረጭቶ እንዳያልቅ የሚጨመረው አዲቲቭና ቴፕ ገና ሲነካ እንዲይዝ የሚያደርገው አዲቲቭ ብዙ ጊዜ በአንድ ካታሎግ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ዘይት የሚፈልገው እጅግ ረጅም ሞለኪውል ነው፣ ያውም በጣም በጥቂቱ። ማጣበቂያ የሚፈልገው ደግሞ አጭር ሞለኪውል ያለው ደረቅ ሬዚን (ሙጫ መሰል ነገር) ነው፣ ያውም በብዛት። ይህን ሳይለይ የሚያዝ ሰው ወይ የሚወፍር ግን አሁንም የሚረጭ ዘይት፣ ወይ ማሽን ላይ ክር እየጎተተ የሚያስቸግር ሙጫ ይዞ ይቀራል።

በዘይት ውስጥ ምን ይሠራል?

ረጅሙ ሞለኪውል (ፖሊመር) ዘይቱ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ክር ተኮማትሮ ይቀመጣል። ዘይቱ ቀስ ብሎ ሲፈስ መኖሩ ብዙም አይታወቅም። ጠብታ ከብረቱ ሊላቀቅ ሲል ግን ጥቅሉ ይዘረጋል፣ መበጠስንም ይቃወማል፤ ጠብታው ክር ሆኖ ይሳብና ወደ ብረቱ ይመለሳል። ስለዚህ ማወፈርና ተለጣጭ ማድረግ አንድ አይደሉም። በጣም ወፍራም ዘይት ያለ አዲቲቭ ከፈጣን ሰንሰለት ላይ ተረጭቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ቀጠን ያለው ደግሞ በትክክል ከተመጠነ ይቆያል።

መጀመሪያ ቤዝ ኦይሉን፣ ማለትም አዲቲቩ የሚጨመርበትን መሠረታዊ ዘይት፣ ይለዩ። በብዛት የሚሠራበት ፖሊአይሶቢዩቲሊን፣ በአጭሩ ፒአይቢ ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ1 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሰው ዓይነት ሲሆን፣ በማዕድን ዘይትና በፒኤኦ (ፖሊአልፋኦሊፊን በሚባለው ሰው ሠራሽ ዘይት) በደንብ ይሟሟል። በፖሊግላይኮልና በሲሊኮን ዘይት አይሟሟም። በኤስተር (ከአሲድና ከአልኮል በሚሠራ ዘይት) ውስጥ እንደ ኤስተሩ ዓይነት ይለያያል፤ የአትክልት ዘይትም በተፈጥሮው ኤስተር ነውና ይኸው ይሠራበታል። ድብልቁ ዛሬ ጥርት ብሎ ከሳምንት በኋላ ሊለያይ ስለሚችል፣ ናሙናውን በጠርሙስ አስቀምጠው ሳያዩ አይወስኑ።

ሁለተኛው አማራጭ ኤቲሊን-ፕሮፒሊን ኮፖሊመር ነው። ክሩ ከፒአይቢ ያጥራል፤ ነገር ግን መፈጨትን (ሞለኪውሉ በፓምፕ ወይም በማማሰያ መቆራረጡን) እና ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል። ዘይቱ በፓምፕ ደጋግሞ የሚዞር ከሆነ፣ ለምሳሌ በቶርኖና በፍሬዛ ተንሸራታች ሐዲዶች ላይ፣ እሱን መሞከር ያዋጣል። ጠንቁ ብርድ ነው፤ ኤቲሊን የበዛበት ዓይነት ሲቀዘቅዝ ረግቶ ዘይቱን እንደ ጄል ያደርገዋል። በውኃ ላይ ለተመሠረቱ ቅባቶች ሁለቱም አይሆኑም። እዚያ ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ያለው ፖሊአክሪላማይድ ወይም የጎማ ላቴክስ ይታያል።

ሰንሰለቱ ምድጃ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ አጣባቂ አዲቲቭ መድኃኒት አይሆንም። ፒአይቢ በከፍተኛ ሙቀት ወደ ጋዝ እየተበታተነ ይሄዳል፤ ዝቃጭ ባያበዛም ተለጣጭነቱ ከእሱ ጋር ይጠፋል። እንዲህ ላለው ቦታ ወፍራምና ሙቀት የሚችል ኤስተር መምረጥ ይሻላል።

መጠን

አዲቲቩ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በዘይት ተሟሙቶ ስለሆነ፣ የዋጋ ንጽጽር ከማድረግዎ በፊት በውስጡ ስንት በመቶ ፖሊመር እንዳለ ይጠይቁ። ለሞተር መጋዝ ሰንሰለት ከ1 እስከ 3 በመቶ፣ ለማሽን ሐዲድ ከ0.5 እስከ 1.5 በመቶ፣ ለግሪስ ከ1 እስከ 5 በመቶ እንደ መነሻ ይያዙ። ለ200 ኪሎ ዘይት 1.5 በመቶ ማለት 3 ኪሎ አዲቲቭ ነው፤ 5 በመቶው ፖሊመር ከሆነ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው 150 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ስለሆነ ግማሹ ቢፈጭ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

500 ግራም ዘይት የያዙ አምስት ናሙናዎች ያዘጋጁ፦ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2 በመቶ። ሥራውን ከሚሠሩት ናሙናዎች ዝቅተኛውን ይምረጡ። የበዛ አዲቲቭ አየር ይይዛል፣ ማጣሪያ ይዘጋል፣ በጠብታ የሚሠራ ቀቢ ላይ ጠብታው አልቆርጥ ብሎ ይንጠለጠላል። አቧራማ ቦታ ላይ ደግሞ የብረት ብናኝ ሰብስቦ ሰንሰለቱን የሚሞርድ ሊጥ መሰል ነገር ይሆናል።

አቀላቀል

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ሞለኪውል በፍጥነት ሲመታ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም። ቤዝ ኦይሉን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ፣ አዲቲቩንም እንዲሁ። ሌሎቹ አዲቲቮች ገብተው ካለቁ በኋላ ሰፊ መቅዘፊያ ባለው ቀርፋፋ ማማሰያ እያማሰሉ በቀጭኑ ያፍስሱት፤ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይተዉት። በጊር ፓምፕ እያዞሩ ወይም በሆሞጀናይዘር መቀላቀል አይገባም። ግሪስ ከሆነ በወፍጮ ካለፈና ከ90 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይጨመራል።

ሲያፈሱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ጥሩ አዲቲቭ ራሱን በራሱ ይስባል። መያዣውን ቀና ቢያደርጉትም ክሩ ሳይበጠስ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል፣ በማማሰያው ዘንግም ላይ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሚዛን ላይ አድርገው ያፍስሱ፣ የሚፈለገው ክብደት ከመድረሱ ቀደም ብለው ያቁሙ፣ ክሩን በመቀስ ይቁረጡት።

ሙከራ

ሻጮች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ክሩን ሳብ አድርገው ማሳየት ይወዳሉ። ይህ የሚያሳየው ገና ያልተሠራበትን ዘይት ብቻ ነው፤ የጣት ሙቀትና የአሳሳብ ፍጥነትም ውጤቱን ይለዋውጠዋል። ከዚህ የሚሻለው ከቫኪዩም ጋር የተያያዘ ቀጭን ቱቦ ነው። ጫፉን ዘይቱ ውስጥ ነክረው መምጠጥ ሲጀምር መያዣውን በዝግታ ዝቅ ያደርጋሉ። ዘይቱ አየር ላይ በክር እየተሳበ ወደ ቱቦው መግባቱን ይቀጥላል፤ ክሩ የተበጠሰበትን ከፍታ በሚሊሜትር ይመዝግቡ። ናሙናዎቹ ከተቀላቀሉ 24 ሰዓት ይለፋቸው፣ ሁሉም በ25 ዲግሪ ይለኩ።

ከዚያ ያንኑ ናሙና ለ5 ደቂቃ በብሌንደር መትተው፣ አረፋው ከወጣለትና ወደ 25 ዲግሪ ከተመለሰ በኋላ ደግመው ይለኩት። ቪስኮሲቲው (ውፍረቱ) ብዙም ሳይቀንስ ክሩ ከ80 ሚሊሜትር ወደ 15 ቢወርድ፣ ያ ፖሊመር በፓምፕ ለሚዞር ዘይት አይሆንም ማለት ነው። አንዴ ተቀብቶ ለሚያልቅ የመጋዝ ሰንሰለት ግን ሊበቃ ይችላል። ለግሪስ በውኃ ርጭት የሚደረገው ኤኤስቲኤም ዲ 4049 የተባለ መደበኛ ሙከራ ከማንኛውም የጣት ሙከራ ይበልጣል።

ማጣበቂያ ላይ

እዚህ ሬዚኑ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ፖሊመሩን ያለሰልሳል፣ ከጎማነት ወደ መስታወትነት የሚለወጥበትን ሙቀት ደግሞ ከፍ ያደርጋል። በጣት ግፊት ብቻ የሚይዝ ማጣበቂያ ግትርነቱ በ1 ኸርዝ (በሴኮንድ አንድ ጊዜ ሲነቀነቅ) ከ0.3 ሜጋፓስካል ገደማ በታች መሆን አለበት። ዳልኲስት የተባለው መስፈርት ይህ ነው። ሬዚን ሲጨመር መያዙ ይጨምራል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን በድንገት ይወድቃል፣ ምክንያቱም ማጣበቂያው በክፍሉ ሙቀት መድረቅ ይጀምራል።

ሬዚኑ ከፖሊመሩ ጋር መግባባቱን ለማየት እኩል ክብደት አቅልጠው መስታወት ላይ ያፍስሱ፤ ሲቀዘቅዝ ከደፈረሰ ይተዉት። ለኤስአይኤስ (ስታይሪን-አይሶፕሪን-ስታይሪን ለተባለው ጎማ መሰል ፖሊመር) ከነዳጅ የሚሠራው ሲ5 ሬዚን ይስማማል፤ አሮማቲክ (የቤንዚን ቀለበት ያለው) ሲ9 ግን ወደ ስታይሪኑ ጫፍ ስለሚሄድ መልኩም ጥንካሬውም ይለወጣል። ለተፈጥሮ ጎማ ተርፒን ወይም የሮዚን (የጥድ ሙጫ) ኤስተር፣ ለአክሪሊክ የሮዚን ኤስተር በቁጠባ። ነጭ መሆን ላለበት ሥራ ሃይድሮጂን የተጨመረበትን ይግዙ።

ለሆት ሜልት (ቀልጦ ለሚቀባ ማጣበቂያ) መነሻ የሚሆን ቀመር፦ 100 ክፍል ኤስአይኤስ፣ 120 ክፍል የማለስለሻ ነጥቡ 95 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ሲ5፣ 25 ክፍል ዘይት፣ 2 ክፍል አንቲኦክሲዳንት (በአየርና በሙቀት መበላሸትን የሚከላከል)። ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ድረስ ዘይቱን፣ አንቲኦክሲዳንቱንና ፖሊመሩን መጀመሪያ ያዋህዱ፤ ሬዚኑን በየጥቂቱ ያስገቡ።

ቴፑ ሲላቀቅ እየዘለለ ጠጭ ጠጭ የሚል ከሆነ ሬዚኑ በዝቷል ወይም የማለስለሻ ነጥቡ ከፍ ብሏል፤ ዘይት ይጨምሩ። ሙጫው በሁለቱም ገጽ ላይ ተከፍሎ ከቀረ የውስጥ ጥንካሬ አንሶታል፤ ዘይቱን ይቀንሱ። ወረቀቱ ላይ የቅባት እድፍ ከወጣም መልሱ ያው ነው። ለማነጻጸር የሚንከባለል ኳስ ሙከራውን ኤኤስቲኤም ዲ 3121 እና የመላጥ ሙከራውን ዲ 3330 አብረው ይሥሩ፤ አንዱ ብቻውን ያሳስታል።

ሙጫው ዛሬ ጥሩ ሆኖ ከቀናት በኋላ ማቅለጫው ውስጥ ጠባዩን ከቀየረ ሬዚኑን ለመለወጥ አይቸኩሉ። ኤስአይኤስ በሙቀት ሲጎዳ ይቀጥናል፣ ኤስቢኤስ (ስታይሪን-ቢዩታዳይን-ስታይሪን) ደግሞ ይወፍራል። ናሙናውን በ170 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 24 ሰዓት አቆይተው ቪስኮሲቲውን ከፊተኛው ጋር ያወዳድሩ፤ ብዙ ከተራራቀ የሚስተካከለው የማቅለጫው ሙቀትና አንቲኦክሲዳንቱ ነው።