በባዕድ ፍጡራን ስለመታገት የሚተርክ ልብ ወለድ ሲያልቅ፦ ስለ ፍጻሜው እንዴት መወያየት ይቻላል?

እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ያነበቡ ሰዎች ሲገናኙ የሚቀድመው ጥያቄ «አመለጠች ወይስ አላመለጠችም?» የሚል ነው። መልሱ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ወሬውም አብሮት ይነጥፋል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ አቆዩት።

መጀመሪያ ሁሉም አንብቦ መጨረሱን አረጋግጡ። ያልጨረሰ ካለ ቀጠሮውን አራዝሙ።

ቀጥሎ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና አንብቡና የተፈጸመውን ነገር አጋቾቹ ስለ እርሱ ከሚሉት ለዩ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዶውን» (ንጋት) የተሰኘ ልብ ወለድ ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። ሊሊት ከኑክሌር ጦርነት ተርፋ ኦአንካሊ በሚባሉ ፍጡራን መርከብ ውስጥ ትነቃለች፤ ሌሎች ሰዎችንም ለምድር ሕይወት እንድታዘጋጅ ትደረጋለች። በመጨረሻ ሰዎቹ ወደ ምድር ሲላኩ እርሷ ትቀራለች። ኒካንጅ የተባለው ኦአንካሊ ከተገደለው ወዳጇ ከጆሴፍ ዘር እንድትፀንስ አድርጓታል። የተፈጸመው ይህ ነው። የኒካንጅ ማብራሪያ ግን ሌላ ነው፦ ልጁን ትፈልጊ ነበር፤ በአፍሽ ግን አትዪውም ነበር የሚል።

ውይይቱ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ኦአንካሊዎች ደጎች ናቸው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ የሰውን ዘር ከጥፋት አትርፈዋል፣ የሊሊትንም ካንሰር አስወግደዋል። አትሳቁበት፤ ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነው። ብቻ ሊሊት እምቢ ብላ እምቢታዋ የጸናበትን ገጽ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አጋቾቹን ብቻ የሚኮንነውንም ሰው ሳትጠይቁ አትለፉት፤ ሊሊት ሰዎቹን ስታሠለጥን ተባባሪ ነበረች ወይስ ምድር ሲደርሱ እንዲሸሹ እያዘጋጀቻቸው ነበር? እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ፤ የመጽሐፉ ጉልበትም ከዚያ ይመነጫል።

አሁን የቆየውን ጥያቄ አንሡ፤ ግን ስለ ሊሊት ሳይሆን ስለሄዱት። ሰዎቹ ያለ ኦአንካሊ ልጅ መውለድ እንዳይችሉ ተደርገዋል። እንዲህ ሆነው ጫካ ቢገቡ አመለጡ ይባላል?

በ1988 እና በ1989 እ.ኤ.አ. የወጡትን ተከታታይ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ለጊዜው ዝም ይበል። በኋላ በሚመጣ መልስ የአሁኑን ጥያቄ መዝጋት ውይይቱን ይገድለዋል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው መጽሐፉ የት ቢቆም ይመርጥ እንደነበር ይናገር። «ዶውን» ሰዎቹ ሲሄዱ ቢያበቃ ኖሮ ስለ መለየት የሚተርክ ልብ ወለድ ይሆን ነበር። የፅንሱ ወሬ ከዚያ በኋላ በመምጣቱ ግን አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሊት «እሺ» ያለችባቸውን ገጾች ሁሉ እንደገና እንዲመረምር ይገደዳል።