አልፎ አልፎ ለሚከፈት ፋይል ክላውድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ያለ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ጥር ሲመጣ ሃርድ ዲስክ አይበቃውም። ሰርጉ ካለፈ ግን ያንን ሁሉ ቀረጻ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሙሽሮቹ ከዓመት በኋላ «የመልሱ ቪዲዮ ጠፋብን» ብለው እስኪደውሉ ድረስ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ ማስቀመጫ ላይ፣ ርካሽ ደረጃዎች አሉ። ምሳሌዬ ኤስ3 የተባለው የአማዞን የፋይል ማስቀመጫ ነው፣ ዋጋውም አሜሪካ ቨርጂኒያ ላይ ለሚቀመጥ ፋይል የሚጠየቀው።

ትልቁ ስህተት የወር ኪራዩን ብቻ አይቶ መወሰን ነው። ለአንድ ጊጋባይት መደበኛው ደረጃ ስታንዳርድ በወር 0.023 ዶላር፣ አልፎ አልፎ ለሚከፈት ፋይል የተሠራው ስታንዳርድ አይኤ 0.0125፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሆነው ዲፕ አርካይቭ ደግሞ 0.00099 ዶላር ያስከፍላል። ያጓጓል! ግን አንዳንዱ ደረጃ ፋይሉን መልሰው ሲያወጡትም ያስከፍላል። 200 ጊጋባይት የሆነ ሰርግ ስታንዳርድ ላይ በወር 4.60፣ አይኤ ላይ 2.50 ዶላር ነው። 2.10 ዶላር አተረፉ። አንዴ ሙሉውን ሲያወጡት ግን አይኤ 2 ዶላር መልሶ ይወስዳል። በየወሩ የሚከፍቱት ከሆነ ድካሙ ለምን?

ወደ ኮምፒውተርዎ ሲያወርዱት ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለጊጋባይት 0.09 ዶላር። ያ ሰርግ 9 ዶላር በላ ማለት ነው። ይኸው 9 ዶላር ሰርጉን ዲፕ አርካይቭ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ያስቀምጥልዎት ነበር።

ሁለተኛው፣ ሰዓቱን አለመጠየቅ። ዲፕ አርካይቭ ፋይሉን ለማውጣት እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ መንገድ እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይሄ አያዋጣም። ግላሲየር ኢንስታንት ሪትሪቫል የተባለው ደረጃ ግን ወዲያው ይከፍታል፤ ለጊጋባይት የወር ኪራዩ 0.004፣ ማውጫው 0.03 ዶላር ነው። እኔ ብሆን ያለቀለትን ቪዲዮ እዚህ፣ ጥሬውን ቀረጻ ዲፕ አርካይቭ ላይ አደርጋለሁ።

ኤዲቱ ሳያልቅ ወደ ርካሹ መወርወርም አለ። አይኤ 30፣ ኢንስታንት 90፣ ዲፕ አርካይቭ 180 ቀን ዝቅተኛ ቆይታ አላቸው። ለምሳሌ ዲፕ አርካይቭ ላይ ያለውን በሁለተኛው ወር ቢሰርዙትም የቀረውን ቀን ይከፍላሉ።

ትንንሽ ፎቶዎችን አንድ በአንድ አይጫኑ። አይኤም ኢንስታንትም ከ128 ኪሎባይት ያነሰውን ሁሉ እንደ 128 ይቆጥሩታል። ዚፕ አድርገው አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቅልሏቸው፣ አለቀ።

የመጨረሻው እኛ ሰፈር በደንብ የሚታወቅ ነው፦ ትልቅ ፋይል እየተጫነ መብራት ድርግም ይላል። ፋይሉ ተከፋፍሎ ሲጫን ከነበረ ቀድመው የደረሱት ቁርጥራጮች እዚያው ይቀራሉ። ከፋይሎቹ ዝርዝር ውስጥ አይታዩም፣ ሂሳቡ ግን ይቆጥራል። መላው ቀላል ነው። ፋይሎችን በራሱ በሚያዛውረውና በሚሰርዘው የኤስ3 ላይፍሳይክል ደንብ ውስጥ ያልተጠናቀቀ ጭነት ከ7 ቀን በኋላ እንዲሰረዝ ያዙት። የመጀመሪያውን ሰርግ ከመጫንዎ በፊት ቢያደርጉት ይሻላል።