ድምፅ እያለው ስክሪኑ የጠቆረ ቲቪ

ፍላት ስክሪን ቲቪያችሁ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ድንገት ጥቁር ካለ፣ «ስክሪኑ ሞቷል» ብላችሁ ለቆራሌው አትስጡት። ማታ የቤቱን መብራት አጥፉ። ቲቪውን ክፈቱና የስልካችሁን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ በሰያፍ ያዙት። ደብዘዝ ያለ ምስል፣ የዜና አንባቢው ፊት እንኳ ቢሆን፣ ከታያችሁ ስክሪኑ ደህና ነው። ኤልሲዲ የሚባለው የስክሪን ዓይነት በራሱ አያበራም፤ ምስሉን የሚያሳየን ከጀርባው ያለው መብራት (ባክላይት) ነው። የተበላሸው እሱ ወይም ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው ማለት ነው። ቲቪ ሠሪው ጋ ስትሄዱ «ባክላይቱን እይልኝ» በሉት፤ ስክሪን ከመቀየር በብዙ ይረክሳል። የኋላ ክዳኑን ግን ራሳችሁ እንዳትፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ኦሌድ ቲቪ ላይ በዚህ ሙከራ አትድከሙ፤ ስክሪኑ ራሱ ስለሚያበራ ባክላይት የሚባል ነገር የለውም።