ከሃይሉክስ ፋይቭ ኤል ጉልበት ስትፈልጉ አትሥሯቸው የምላቸው ስህተቶች

ፋይቭ ኤል (5L)፣ የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ሞተር፣ ደካማ ነው ሲባል ደሜ ይፈላል። ስለ ታናሹ ስሪ ኤልም (3L) ሲወራ እንደዚሁ። መርካቶ ውስጥ ብረትና ሲሚንቶ፣ ሽንኩርትና የሠርግ ድንኳን ሲያመላልሱ የኖሩ ብዙ አሮጌ የቶዮታ ፒካፖች የሚሄዱት በእነዚህ ሞተሮች ነው። ስሪ ኤሉ 2,779 ሲሲ፣ ፋይቭ ኤሉ 2,986 ሲሲ፤ ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ናቸው፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የላቸውም። ከፋብሪካ ሲወጡ ወደ 91 እና ወደ 97 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ብዙ አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ዛሬ ከተማችን ውስጥ የሚነዱት ብዙዎቹ ያንኑ እንኳ እየሰጡ አይደለም፤ ባለቤቱ "ጉልበት ጨምርልኝ" ብሎ ጋራዥ ሲገባ የሚሠራለት ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀረውን ይወስድበታል።

ከፍታውን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ባሕር ወለል ላይ ቢሆን ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ይህን የሚያካክስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ወረቀት ላይ 97 ፈረስ የተባለው ሞተር ምንም ሳይታመም ፒያሳ ላይ ከ75 እስከ 78 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ወደ አዳማ ስትወርዱ መኪናዋ የምትቀልላችሁም ለዚህ ነው፣ አዳማ ከ1,700 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ እንጦጦ ስትወጡ ተቃራኒው ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ያልታመመ ሞተር ያስፈታል።

"ፖምፓውን ክፈትልኝ" ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ላይ የነዳጁን መጠን የሚወስን ቪቴ አለ። ፋብሪካው በልክ አስተካክሎ አሽጎታል። አንዱ ይመጣና ማሸጊያውን ሰብሮ ትንሽ ያዞረዋል፣ መኪናዋ በዚያው ቀን ትንሽ ትፈጥናለች፣ ባለቤቱም ተደስቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በቸርችል ጎዳና ሲወጣ ከጥቁር ጭሱ የተነሳ ከኋላው ያለው መኪና መንገድ አይታየውም።

ነገሩን አስቡት። እዚህ ከተማ ሞተሩ የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ለባሕር ወለል የተለካው ናፍጣ ራሱ እዚህ ሊበዛ ይችላል፤ ቶዮታም ለከፍታ ቦታ ሲል አንዳንዶቹን ፖምፓዎች አየሩ ሲሳሳ ናፍጣውን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ገጥሞላቸዋል። መሣሪያው በሌለበት ፖምፓ ላይ ትክክለኛው ሥራ አንዳንዴ ናፍጣውን ጥቂት መቀነስ ነው። አዎ፣ መቀነስ። ጭሱ ይጠፋል፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቱም እንደተፈራው አይወርድም፣ ምክንያቱም የተቀነሰው ድሮውንም ሳይቃጠል ሲወጣ የነበረው ናፍጣ ነው።

"ጋሼ፣ ጥቁር ጭስ ካላወጣ እኮ ጉልበት የለውም" የሚል ወጣት መካኒክ ያጋጥማችኋል። በትሕትና "አይ ወንድሜ፣ ተወው" በሉት። ጥቁር ጭስ ማለት ከፍላችሁበት በማርሚታ (በጭስ መውጫው) የወጣ ናፍጣ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ እስከ መጨረሻ ስትረግጡ ጥቂት ጭስ ቢታይ ምንም አይደለም፤ ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ሲያጨስ ግን በሽታ ነው። ትርፉ ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ይሰነጥቀዋል። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ የሚጠብቃችሁን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ፖምፓው መነካት ካለበት ወርዶ መሞከሪያ ቤንች ላይ ይውጣ። በቪቴና በግምት አይሆንም።

ቀላሉን ሳያዩ ሞተር ማውረድ

ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ይግባና ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ። እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፖምፓውን ክንድ እዩ። እስከ ማቆሚያው ካልደረሰ ገመዱ ላልቷል ማለት ነው፣ ማስተካከል ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ እና ሙሉ ረገጥኩ እያለ ዓመታት በግማሽ የሚነዳ ሰው አለ።

ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮ። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ከጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው ዝገትም አለ። ፊልትሮው ስር ያለውን ማፍሰሻ እየከፈታችሁ ውኃውን አውጡ። ከዚያ ወደ ፖምፓው በሚገባው መስመር ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። የአየር አረፋ ካያችሁ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። መኪናዋ ጠዋት አስቸግራ የምትነሳው፣ ዳገት ላይ የምትታፈነው፣ በዚህች አረፋ ሊሆን ይችላል።

የአየር ፊልትሮውን ነገር ከተማው ራሱ ያባብሰዋል። በየቦታው ግንባታ አለ፣ አቧራው ሌላ ነው። ብዙ ሰው ፊልትሮውን በኮምፕረሰር እያስነፋ ወረቀቱ እስኪበሳ ይጠቀምበታል። አንዳንዱ ደግሞ "አየር ይግባለት" ብሎ ጭራሽ ያወጣዋል፣ ይሄኛው ሞተሩን በአሸዋ መሞረድ ነው። አዲስ ፊልትሮ ግዙ፤ አየር መሳቢያው ቱቦም ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ አድርጉ። ሞቃት አየር ይብሱን ስስ ነው።

ሞተሩ ያልበደለውንም እዩ። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ የየጎማውን ቸርኬ በጥንቃቄ ዳስሱ፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ለእነዚህ ሁለቱ ስንት ሞተር ወርዷል መሰላችሁ!

የኮምፕረሽን ቁጥርን ከመጽሐፍ ቀጥታ መውሰድ

ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ አላይም፣ ግን ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄ ነው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለእነዚህ ሞተሮች ወደ 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት) ይላል፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ 20። ይህ ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ከመጀመሪያው ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተር ጌጁ ላይ ወደ 24 ወይም 25 ያሳያል። መካኒኩ 23 ያነብና "ፋሻ በልቷል፣ ይወረድ" ይላችኋል። አይወረድም! ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች ይቀራረባሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ 23 ሆነው አንዱ 15 ከሆነ ያኔ እውነተኛ ችግር አለ። ሲለካም ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ባትሪው የተሞላ መሆን አለበት፤ በደከመ ባትሪ የተለካ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ኖዝል ላይ መቆጠብ

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የረከሰውን አትልቀሙ። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም ካልረጨ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስም ቢሆን ሳይሞከር አይገጠም፣ አራቱም በእኩል ግፊት መክፈት አለባቸው። ሲገጠሙ ከሥራቸው ያሉት ቀለበቶች ይለወጡ፣ አሮጌውን መልሶ መግጠም የለም።

ታይሚንግ በጆሮ ማስተካከል

የፖምፓውን ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበትን ቅጽበት) ትንሽ ማስቀደም በከፍታ ቦታ ይጠቅማል። እውነት ነው፣ አየሩ ስስ ሲሆን ናፍጣው ለመቀጣጠል ስለሚዘገይ። ነገር ግን ፖምፓውን አላልቶ "ድምፁ ሲያምር" ማሰር ሥራ አይደለም። ሲበዛ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ፒስተንና ቴስታታ ይጎዳል። የሚለካው በዳያል ጌጅ፣ ማለትም ሰዓት በሚመስል መለኪያ ነው፣ መሣሪያው የሌለው ሰው አይንካው። እግረ መንገዳችሁን የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይለወጣል። ከተበጠሰ ቫልቮላው ከፒስተን ይጋጫል፣ ያኔ ስለ ጉልበት የምናወራው ነገር አይኖርም።

ትልቅ ጎማ ገጥሞ ሞተር መውቀስ

መኪናዋ ስታምር ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን ከ205 አር 16 ወደ 265/75 አር 16 ስትሄዱ የጎማው ቁመት ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። ይህ ማለት በየማርሹ መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ከፍታው ከወሰደው ላይ ማለት ነው። ጎማውን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ብቻ መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል። ጎማው ይቆይ ካላችሁ ማርሽ ቶሎ ቀንሱ፤ እነዚህ ሞተሮች በደንብ የሚጎትቱት በደቂቃ 2,400 ዙር አካባቢ ነው፣ ከዚያ በታች አፍኖ መርገጥ ጭስ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ማርሚታ ማስቆረጥን በተመለከተ፦ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በዚህ የሚያገኘው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጎረቤት ትረብሻላችሁ፣ በቃ።

ቱርቦውን እንደ ተአምር ማየት

ለአዲስ አበባ እውነተኛው መልስ ቱርቦ ነው፣ የጎደለውን አየር የሚመልሰው እሱ ነውና። ስህተቱ የሚመጣው የግፊቱ መጠን ላይ ነው። የፋይቭ ኤል የኮምፕረሽን ሬሾ (አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) 22.2 ለ 1 ነው፣ ለቱርቦ ታስቦ ከተሠራ ሞተር ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ግፊት አይሸከምም። ደግነቱ እዚህ ብዙ አያስፈልግም፤ ሩብ ባር (አንድ ባር የባሕር ወለል የአየር ግፊት ያህል ነው) ያህል ግፊት ብቻ ሞተሩን ባሕር ወለል ላይ ያለ ያህል ያስተነፍሰዋል። ግማሽ ባር ከፋብሪካው ጉልበት በላይ ይወስዳችኋል። እዚያ ላይ አቁሙ። "አንድ ባር እንስጠው" የሚል ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉትና ሂዱ።

ቱርቦ ከመገጠሙ በፊት የጭስ መውጫ ሙቀት መለኪያ ግጠሙ፤ ከቱርቦው በፊት ሲለካ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ። የማቀዝቀዣውንም ነገር አደራ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ከመፍላት የሚጠብቀው የክዳኑ ግፊት ነው። ያረጀ ክዳን እንጦጦ ዳገት ላይ ቴስታታ ያስከፍላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ ቱርቦ ባታስገጥሙም።

ሞተሩን ጨርሶ በሌላ፣ ለምሳሌ ባለ ቱርቦ በሆነው ዋን ኬዜድ፣ መለወጥ የፈለገ ሰው ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ እንደተጻፈ ያስብ። መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ እወቁ፣ የምትገዙት ሞተር የሕጋዊ ግዢ ሰነድ እንዳለው አረጋግጡ፣ ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።