አሮጌው ሪሞት ሳይሞት፦ ዩኒቨርሳል ሪሞት እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሞላል?

ጅማ ውስጥ ብዙ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሪሞት ተደርድሮ ያገኛሉ። አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የሪሲቨሩ፣ አንዱ የሆም ቴአትሩ ነው። ቻናል በአንዱ ይቀየራል፣ ድምፅ በሌላው ይጨመራል። ልጆቹ ለምደውታል። እናት ወይም አያት ብቻቸውን ቤት ሲውሉ ግን ዜና ለማየት እንኳ ሰው መጠበቅ አለባቸው። ይሄ መሆን የለበትም። ዩኒቨርሳል የሚባል አንድ ሪሞት የሦስቱን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ሥራው የሚቀለው ግን የድሮዎቹ ሪሞቶች ገና ደህና ሳሉ ነው። አንዱ እስኪሰበር ወይም እስኪጠፋ አይጠብቁ።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት

ቴሌቪዥኑና ሆም ቴአትሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዙ ከሆነ ምንም መግዛት ላያስፈልግዎት ይችላል። ገመዱ በሁለቱም በኩል ኤአርሲ (ARC) የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀዳዳ ይሰካ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ (CEC) የሚባለውን፣ እቃዎቹ በገመዱ በኩል እንዲታዘዙ የሚያደርገውን፣ ያብሩት። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። ይሄ ከሠራ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የሆም ቴአትሩንም ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ የተያያዘ የቆየ ሆም ቴአትር ግን በዚህ መንገድ አይታዘዝም።

ቀጥሎ ያሉዎትን ሪሞቶች ይፈትሹ። አብዛኛው ሪሞት የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው። ይሄ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየተርገበገበች ትእዛዙን ትልካለች። ስልክዎ ላይ የፊት ካሜራውን ይክፈቱ፣ ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙረው አንድ ቁልፍ ይጫኑ። አምፖሏ ነጣ ያለ ወይም ወይን ጠጅ ብርሃን ካሳየች ሪሞቱ እየላከ ነው። ብርሃን ከሌለ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን ይቀይሩ።

የአንድሮይድ ቦክስና የአንዳንድ ስማርት ቴሌቪዥን ሪሞት ደግሞ በብሉቱዝ ይሠራል። ለመለየት የሪሞቱን ጫፍ በመዳፍዎ ጥፍን አድርገው ይያዙና ይጫኑ። እንደዚያም ሆኖ ከታዘዘ ብሉቱዝ ነው ማለት ነው። ተራ ዩኒቨርሳል ሪሞት ብሉቱዝ አይገባውም፣ ስለዚህ ያንን ሪሞት አይጣሉት።

የትኛውን ልግዛ?

ገበያ ላይ ያለው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የአንድ ብራንድ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ለሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ተብሎ የተሠራ። ባትሪ ማስገባት ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ግን የሚያዘው ቴሌቪዥኑን ብቻ ስለሆነ የሦስት ሪሞት ችግርን አይፈታም።

ሁለተኛው በኮድ የሚሞላው ነው። በሆዱ የብዙ ብራንዶችን ቋንቋ ይዟል፣ እርስዎ ቁጥር አስገብተው የእርስዎን ይመርጣሉ። ለታወቁ ቴሌቪዥኖች ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ኮፒ የሚያደርገው ነው፣ ባለሙያዎች ለርኒንግ ይሉታል። ከድሮው ሪሞት እያንዳንዱን ቁልፍ ይማራል። እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ምክንያቱም እኛ ቤት ያለው ሪሲቨርና ሆም ቴአትር ብዙ ጊዜ ስሙ በኮድ ዝርዝሩ ላይ የለም። ብራንዱ ብዙ ነው፣ ሞዴሉም በየጊዜው ይቀያየራል። ኮፒ የሚያደርግ ሪሞት ብራንድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚሠራ አሮጌ ሪሞት ብቻ ነው። ቀድመው ይግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ስልክስ? አንዳንድ የሻኦሚ ስልኮች ኢንፍራሬድ አላቸው፣ የሪሞት አፑም አብሮ ይመጣል። ለችግር ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን የስልኩ ባለቤት ሥራ ሲሄድ ሪሞቱም አብሮ ይሄዳል፣ ቤት የቀረው ሰው ምን ይነካል?

መርካቶ ወርደው ሲገዙ የድሮ ሪሞቶችዎን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሻጩ እዚያው አንድ ቁልፍ ኮፒ አድርጎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የመመሪያ ወረቀቱ መኖሩን ያረጋግጡ፣ ያለ እሱ ኮድ የሚሞላ ሪሞት ዋጋ የለውም። ቁልፎቹ ተለቅ ያሉና የተራራቁ ይሁኑ። አያትዎ መነጽር ሳያደርጉ ድምፅ መጨመሪያውን ማግኘት ካልቻሉ ሌላ ይምረጡ።

በኮድ መሙላት

ኮዱ የሪሞቱ አምራች የሰጠው ነው። ኢንተርኔት ላይ ለሌላ ሪሞት የተጻፈ የሳምሰንግ ኮድ በእርስዎ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከራሱ ወረቀት ይውሰዱ።

አብዛኞቹ ላይ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ቴሌቪዥኑን ያብሩ። ሴት (SET) የሚለውን ቁልፍ ቀይ መብራቱ በርቶ እስኪቆም ተጭነው ይያዙ። ቲቪ የሚለውን ይጫኑ፣ ኮዱን ያስገቡ፣ መብራቱ ሲጠፋ ተቀብሏል ማለት ነው። አሁን ማጥፊያውን ይሞክሩ። ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ድምፁን፣ ቻናሉን፣ ሜኑውንም ይሞክሩ። ማጥፊያው ሠርቶ ሜኑው እምቢ ካለ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ቀጣይ ኮድ ያስገቡ። ኮዱ ካልተገኘ ሪሞቱ ራሱ እንዲፈልግ ማድረግም ይቻላል። ያኔ ሪሞቱ ኮዶቹን በየተራ እየሞከረ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ይሞክራል፤ ቴሌቪዥኑ ጥፍት ባለበት ቅጽበት ማስቆም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ዓይንዎን ከስክሪኑ አይንቀሉ።

ኮፒ ማድረግ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። መጀመሪያ በየቀኑ የሚነኩትን ቁልፎች ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከቴሌቪዥኑ ማብሪያና ሶርስ፣ ከሪሲቨሩ ማብሪያ፣ ቻናል፣ ቁጥሮች፣ ኦኬና ኤግዚት፣ ከሆም ቴአትሩ ማብሪያ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ለብዙ ቤት ይበቃሉ። ለሁለቱም ሪሞት አዲስ ባትሪ ያስገቡ፣ የደከመ ባትሪ የተበላሸ ትእዛዝ ያስተምራል። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጫፍና ጫፋቸውን አፋጠው ያስቀምጡ፣ መሃላቸው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አይሥሩ። ከዚያ፦

1. አዲሱ ሪሞት ላይ የመማሪያውን ቁልፍ መብራቱ በርቶ እስኪቆም ይያዙ።
2. እዚያው አዲሱ ላይ ማስተማር የሚፈልጉትን ቁልፍ ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል።
3. አሮጌው ላይ ተመሳሳዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ብልጭታው ሲቀየር ተምሯል።
4. ወደሚቀጥለው ቁልፍ ይለፉ። ሲጨርሱ የመማሪያውን ቁልፍ ተጭነው ያስቀምጡ።

ሁለት ሦስት ቁልፍ ካስተማሩ በኋላ ወጥተው ይሞክሩ። ሃያውንም ጨርሶ አንዱም እንደማይሠራ ከማወቅ ይሻላል። አንዱ ቁልፍ አልይዝ ካለ ርቀቱን ትንሽ ያስፉ ወይም ያጥብቡ፣ ወይም አሮጌውን ጥቂት ረዘም አድርገው ይጫኑ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በአንዳንድ የፊሊፕስ እቃዎች ላይ ኮፒ የተደረገ ቁጥር ሁለቴ ሲጫኑት እንደ አንድ ይቆጠራል፣ 11 ለማስገባት ሲሞክሩ 1 ብቻ ይገባል። ይሄ የሪሞቱ ብልሽት አይደለም። እቃው ቁልፉ ሳይለቀቅ እንደተያዘ አድርጎ ስለሚረዳው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ በኮድ መሙላት ይሻላል።

ድምፅ ሁልጊዜ ወደ ሆም ቴአትሩ

እንደ እኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ማስተካከያ ይሄ ነው። ብዙ ዩኒቨርሳል ሪሞት ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ኦዲዮ የሚሉ መቀየሪያዎች አሉት። ሪሲቨር ላይ ሆነው ድምፅ ሲጨምሩ የሪሲቨሩ ድምፅ ይጨምራል፣ የሆም ቴአትሩ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በሁሉም መቀየሪያ ስር ያሉትን የድምፅ ቁልፎች የሆም ቴአትሩን ትእዛዝ ያስተምሯቸው። በአንዳንድ ኮድ የሚሞላ ሪሞት ላይ ይሄ የድምፅ መቆለፊያ ተብሎ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። የሪሲቨሩን ድምፅ ከፍ አድርገው ይተዉት፣ የቴሌቪዥኑን ስፒከር ያጥፉት፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ ማለት አንድ ቁልፍ ብቻ ይሆናል።

በአንድ ቁልፍ ሦስቱንም እቃ የሚያበሩ ሪሞቶችም አሉ። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት አልመክረውም። የማብሪያ ቁልፍ የጠፋውን ያበራል፣ የበራውን ያጠፋል። መብራት ሲመለስ ሪሲቨሩ በራሱ በርቶ ሌሎቹ ጠፍተው ከጠበቁ፣ ያ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ሌሎቹ ይበራሉ። ለየብቻ ማብራት ይሻላል።

ሁሉም ተሞልቶ እምቢ ሲል

የእቃውን ፊት ይመልከቱ። የሪሲቨሩ ዓይን በዳንቴል ተሸፍኖ ወይም ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ኢንፍራሬድ እንጨት አያልፍም፣ በሩ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ያለ እቃም አይሰማም። ዳንቴሉን ከፊት በኩል ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ባትሪውን ሲቀይሩ አዲሱን አዘጋጅተው ፈጥነው ይቀይሩ፣ አንዳንድ ርካሽ ሪሞት ባትሪው ከወጣ የተማረውን ይረሳል። የጅማ ዝናብ ለረጅም ወራት ስለሚቆይ እርጥበቱ የባትሪ ቤቱን ቶሎ ያዝገዋል። አልፎ አልፎ ከፍተው ይዩት፣ ዝገት ካለ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉት።

የድሮዎቹን ሪሞቶች ባትሪያቸውን አውጥተው በፌስታል ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸው። ዩኒቨርሳሉ ወድቆ ቢሰበር ቀጣዩን የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።