የተከፈተ የዓምድ ማዕዘን፦ ጣውላውን በኤምዲኤፍ መተካት

የሳሎኑ የኮንክሪት ዓምድ በ2 ሳንቲሜትር የዋንዛ ጣውላ ተሸፍኖ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አራቱም ማዕዘኖች ተከፈቱ። ኮላው ጥፋት የለበትም። ጣውላው እርጥብ ነበር፤ እንጨት ሲደርቅ ደግሞ በወርዱ ይኮማተራል። መሃሉ በሚስማር ስለተያዘ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ።

መፍትሔው ቀለም ለሚቀባ ዓምድ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ነው፤ እንደ ጣውላ የእንጨት ጭረት አቅጣጫ ስለሌለው ወርዱ ብዙም አይለወጥም። ለውስጥ ፍሬም የባሕር ዛፍ ሞራሌ አይሆንም፣ ይጣመማል። በ5 ሳንቲሜትር ወርድ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከኮንክሪቱ ጋር በፊሸር (በተበሳ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዝ መሰኪያ) ይታሰራል።

ኤምዲኤፍ በጠርዙ በኩል ይሰነጠቃል፤ ለ4 ሚሊሜትር ብሎን አስቀድሞ በ3 ሚሊሜትር መብሻ መብሳት ግድ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ይመጥጣል፦ በውኃ የቀጠነ ኮላ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ።

ዋናው ጠላት የመወልወያ ውኃ ነው። ኤምዲኤፉ ከወለሉ 1 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ክፍተቱን 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ በደንብ የደረቀና ከሥሩም ጭምር ቫርኒሽ የተቀባ የዋንዛ ዘቦላ (የዓምዱን ግርጌ የሚዞር ጠባብ ጣውላ) ይሸፍነው።