ጣና ፎቶ ላይ ለምን ባዶ ይሆንብናል?

ጠዋት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ስትቆሙ ልብ ይሞላል። ስልክ አውጥታችሁ ታነሳላችሁ። ማታ ስታዩት ግን ያ ሁሉ ውበት የለም። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቆምንበት ቦታና ፍሬም ውስጥ ካስገባነው ነገር ይመጣል።

ችግር፦ ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ ሰማይ፣ መሀሉ ላይ ነጥብ የምታህል ታንኳ

ምክንያት፦ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በአካል ስንቆም ነፋሱ አለ፣ የወፎቹ ድምፅ አለ፤ ስፋቱ ራሱ ደስ ይላል። ፎቶ ላይ እነዚህ አይገቡም። ዓይናችን ታንኳዋን ለይቶ ያያል። የስልክ ሌንስ ግን ሰፊ ነው፤ ራቅ ያለውን ሁሉ ያሳንሰዋል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ የምታነሱት ምን እንደሆነ ወስኑ። ታንኳዋ ከሆነች ታገሱ፣ ቀዛፊው ወደ ዳር እስኪጠጋ ጠብቁ። ሐይቁ ራሱ ከሆነ ደግሞ ቅርብ የሆነ ነገር ስጡት፤ ዳር ላይ የበቀለ ደንገል ወይም እርጥብ ድንጋይ ይበቃል። ዓይን ከዚያ ተነስቶ ወደ ማዶ ይጓዛል።

ከዚያ ጉልበታችሁን እጠፉ። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ ብዙ ፎቶ አበላሽቻለሁ። ከፍ ካለ ቦታ ቆማችሁ ስታነሱ የተቀመጠው ቀዛፊ ከነጭንቅላቱ ውኃው ውስጥ ይዋጣል። ስልኩን ወደ ውኃው ዝቅ ስታደርጉት ግን ትከሻውና መቅዘፊያው ከአድማሱ በላይ ወጥተው ሰማዩ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ከፍ በሉ ወይም ዝቅ በሉ፤ ብቻ የአድማሱ መስመር አንገቱን እንዳይቆርጠው። ታንኳዋ በምትሄድበት አቅጣጫም ከፊቷ ሰፋ ያለ ቦታ ተዉላት። አለበለዚያ ከፍሬሙ ጋር የምትጋጭ ትመስላለች።

አድማሱን መሀል ላይ አታድርጉት ይባላል። ሰማዩ ካማረ ዝቅ፣ ውኃው ካማረ ከፍ አድርጉት። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሐይቁ እንደ መስታወት ሲተኛ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ መሀል ላይ መሆኑ ያምርበታል፤ እኔም የምወደው እሱን ነው።

ችግር፦ ከጓደኛዬ ጭንቅላት ላይ ዘንባባ በቅሏል

ምክንያቱ ፊቷን ብቻ ማየታችን ነው፤ ጀርባዋን አላየንም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን በሉ፣ አለቀ።

ችግር፦ ሐይቁ ያምራል፣ ሰውየው ግን ጥላ ሆኗል

ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ከከተማው ወደ ሐይቁ ስታዩ ባብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የምታዩት። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከቀኝ፣ ማታ ከግራ ትመጣለች። ሰውየውን ሐይቁን ከጀርባው አድርጋችሁ አቁሙትና ፊቱን ትንሽ ወደ ፀሐይዋ አዙሩት። ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ያርፋል፣ ሐይቁም አይጠፋም።

ችግር፦ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምንጭ መሰለ

40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ፏፏቴ የሚያንሰው ከጎኑ የሚለካበት ነገር ሲያጣ ነው። ሰው አስገቡ። ግን አጠገባችሁ አታቁሙት፤ እናንተ ጋ ከቆመ እሱ ገዝፎ ፏፏቴውን ያሳንሰዋል። እሱ ወደ ፏፏቴው ይጠጋ፣ እናንተ ወደ ኋላ ራቁ። ስልካችሁ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው በእሱ አንሱ። ውኃው የሚሞላው ከክረምት በኋላ ስለሆነ ጊዜውንም ምረጡ።

ችግር፦ የዘጌ ገዳማት ሥዕሎች ተጣመሙ

ስልኩን ወደ ላይ ስታጋድሉት መስመሮቹ ይጠባሉ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ የምትሸሹበት ቦታ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ሁሉ ልያዝ አትበሉ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ከፊት ለፊታችሁ ያለውን አንድ ሥዕል ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ።

ሐይቁ አንድ ወገን ያዘነበለ ከመሰለ የስልኩ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ግሪድ የሚለውን (ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቀጥ ያሉ መስመሮች) አብሩ። ጀልባ ላይ ሆናችሁ ግን ግሪዱም አይበቃም። በኋላ ስታቃኑት ጠርዙ ስለሚቆረጥ ዙሪያውን ትርፍ ቦታ ትታችሁ አንሱ።